«ሙሉ» የሚባለው የሴቶች ቼክአፕ፦ ለስኳርና ለልብ ሲሆን ስንቱን ያጎድላል?

ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ሲኬድ፣ ወይም ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጎ በቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሲወረድ፣ «ሙሉ ቼክአፕ» የሚል ጽሑፍ መስታወት ላይ የማይታይበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ቤቶች «የሴቶች ፓኬጅ» የሚሉትን ለብቻው አውጥተዋል። ይዘቱ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የደም ዓይነት፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የባዶ ሆድ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዩሪክ አሲድ፣ የሆድ አልትራሳውንድና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)። ለሴቶች የጡት አልትራሳውንድና የማህፀን በር ምርመራ ይጨመርበታል።

እዚህ የምንመዝነው አገልግሎቱን ራሱን እንጂ አንዱን ማዕከል ነጥለን አይደለም። ዋጋም አልጻፍንም፣ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራልና። መመዘኛችን አንድ ጥያቄ ነው፦ ዕድሜዋ ከ35 እስከ 65 የሆነች ሴት ይህን ፓኬጅ ገዝታ ስትወጣ የስኳርና የልብ በሽታ አደጋዋ ታውቆላታል ወይ? ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር፣ በከፊል ብቻ። ፓኬጁ ውድ ውዱን አሟልቶ ርካሽ ርካሹን ይተዋል፤ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው ርካሹ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ችግር «የሴቶች» የሚለው ስም ራሱ ነው። ጡትና ማህፀን ከተጨመረ ፓኬጁ የሴት ሆኗል ማለት ነው። ሁለቱም መመርመራቸው ተገቢ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ስኳር የሴትን ልብ ከወንድ ልብ ይልቅ ይጎዳል። በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት የተካሄደው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 64 ጥናቶችንና ከ850 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ልዩነቱን በቁጥር አስቀመጠው፦ ስኳር ያለበት ወንድ፣ ከሌለበት ወንድ ጋር ሲነጻጸር በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድሉ 2.16 እጥፍ ነው፤ ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ከሌለባት ሴት 2.82 እጥፍ። «ሴት እስክታርጥ ድረስ ልቧ የተጠበቀ ነው» የሚባለው ነገር ስኳር ከገባ አይሠራም። አንዱ ምክንያት ሴቶች «ስኳር አለብሽ» እስኪባሉ ድረስ ከወንዶች የበለጠ ርቀው መሄዳቸው ነው፤ ወገብ ይሰፋል፣ ግፊት ከፍ ይላል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ይህ ሁሉ ለዓመታት በዝምታ። በሽታው ስም ሲወጣለት የደም ሥሩ አስቀድሞ ተጎድቶ ይገኛል።

ካርድ ሲወጣ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ ይጠየቃል፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ደም መቅጃው። ስለ እርግዝና ጥያቄ ቢመጣ «እርጉዝ ነሽ?» የሚለው ነው፣ እሱም ራጅ ካለ ብቻ። ያለፈ እርግዝና ግን ራሱን የቻለ የልብ ምርመራ ነው። ሰውነት ዘጠኝ ወር ሙሉ ተፈትኖ ውጤቱ ወጥቷል፤ የጠፋው ጠያቂ ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት በኋላ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልታየባት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። የልብና የደም ሥር አደጋዋ እጥፍ ገደማ ነው፤ በኋላ ስኳር ባይዛት እንኳ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ይቆያል። ግፊቷ ወጥቶ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የተገኘባት፣ ማለትም ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት ደግሞ የልብ በሽታ አደጋዋ እጥፍ፣ የልብ ድካም አደጋዋ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

«የእርግዝና ስኳር ነበረብሽ?» ብሎ መጠየቅም ብቻውን አይበቃም። በጊዜው ያልተመረመረች እናት «ኧረ የለብኝም» ነው የምትለው፣ እውነቷንም ነው። ዘወር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ከ4 ኪሎ በላይ የመዘነ ልጅ ወልደሻል? ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ሆድ ውስጥ የጠፋ ልጅ ነበር? ፊትና እጅ አብጦ፣ «ግፊትሽ ወጥቷል» ተብለሽ ምጥ በመድኃኒት እንዲመጣ ተደርጓል? የወር አበባሽ ከ45 ዓመት በፊት ቆሟል? ከልጅነት ጀምሮ የወር አበባ እየተዛባ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል? (ይህ ፒሲኦኤስ የሚባለው ነው፣ ከስኳር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።) እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድም ስኳር አለባቸው? የስድስቱን መልስ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም፤ ለዚህ ጉዳይ ከሆድ አልትራሳውንዱ በእጅጉ ይበልጣል።

ወደ ደሙ እንግባ። የባዶ ሆድ ስኳር ሁሉም ፓኬጅ ውስጥ አለ፤ ጉዳዩ ያለው አወሳሰዱ ላይ ነው። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ8 ሰዓት ውሃ ብቻ ጠጥቶ መቆየት ያስፈልጋል። ስኳር ያለበት ቡና ብቻ ሳይሆን ወተት የገባበት ማኪያቶም ጾሙን ይሽረዋል። ውጤቱ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው መሀል ቤት ነው፣ ማለትም ከጤናማው ያለፈ ግን ገና ስኳር ያልሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሀሉን ከ110 ይጀምረዋል፤ በሁለት ቤት ሁለት ዓይነት አስተያየት መስማት አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል።

አሁን የቱቦውን ክዳን ይመልከቱ። ግራጫ ከሆነ ውስጡ ፍሎራይድ አለ፤ የደም ሴሎቹ ስኳሩን እንዳይበሉት ያዘገያቸዋል። ቀይ ክዳን ባለው ቱቦ ተቀድቶ ሳይለይ የተቀመጠ ደም ግን በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳሩን ያጣል። ሲቀዳ 130 የነበረ ደም ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቢውል ወደ 115 ይወርዳል። ስኳር ያለባት ሴት «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጣፋጭ ቀንሺ» ተብላ ትሸኛለች ማለት ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም፣ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ናሙናው ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል፤ ከፒያሳ የተነሳ ሞተር ሜክሲኮ ላይ ከቆመ ሰዓቱ አብሮት አይቆምም። ስለዚህ ክንድዎ ሳይታሰር ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ለስኳሩ ግራጫው ቱቦ ነው? የሚሠራው እዚሁ ነው? ባለሙያው በጥያቄው የሚደሰት ከሆነ ጥሩ ቤት ገብተዋል።

አንዳንዱ ቤት ከክንድ ሳይቀዳ በጣት ጠብታ ለክቶ «ስኳርዎ ይኸውና» ይላል። ግሉኮሜትር ስኳሩ የታወቀ ሰው ራሱን የሚከታተልበት እንጂ በሽታው መኖር አለመኖሩ የሚፈረድበት መሣሪያ አይደለም። በዓለም አቀፉ መመዘኛ መሠረት፣ ስኳሩ ከ100 በላይ ሲሆን ከንባቦቹ 95 በመቶው ከላብራቶሪው ውጤት እስከ 15 በመቶ ቢለዩ እንኳ መሣሪያው ያልፋል። በዚህ ስሌት ትክክለኛው 126 ጣት ላይ 107 ወይም 145 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሙዝ ልጦ እጁን ያልታጠበ ሰው ደግሞ ሌላ ቁጥር ያወጣል። ለቤት የሚገዛ ካለ መመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ የተጻፈውን ያንብብ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስትሪፑ (የደም ጠብታው የሚነካበት ቁራጭ) በቀላሉ የሚገኝ መሆኑንም ቀድሞ ማጣራት ነው፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ስትሪፑ ግን ዕድሜ ልክ።

የሦስት ወር ስኳር የሚባለው፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ በብዙ ፓኬጅ ውስጥ የለም፤ ተከፍሎ ይጨመራል። መጨመሩ ተገቢ ነው። መጾም አያስፈልገውም፣ ትናንት ምን ተበላ የሚለው አያዛባውም፣ የሚቀዳውም በሐምራዊ ክዳን ቱቦ ነው። 6.5 በመቶና በላይ ስኳር፣ ከ5.7 እስከ 6.4 መሀል ቤት። ነገር ግን ይህ ምርመራ ስኳርን የሚለካው በቀይ የደም ሴል በኩል ስለሆነ የደሙ ሁኔታ ያታልለዋል። የብረት እጥረት ያለባት ሴት ያለ ስኳር ከፍ ብሎ ሊወጣባት ይችላል፤ በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ደም የተሰጣት ወይም እርጉዝ የሆነች ደግሞ ከእውነተኛው ዝቅ ይልባታል። የወር አበባቸው ለሚበዛ ሴቶች ይህ ዋና ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ከፓኬጁ ውስጥ በጣም የሚያናድደው ነገር ይመጣል። ሙሉ የደም ቆጠራው እዚያው ወረቀት ላይ አለ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያነብ ግን ብዙ ጊዜ የለም። የሄሞግሎቢኑ «ጤናማ» ተብሎ የታተመው መነሻ 12 ከሆነ ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ሰውነት ቀይ ሴል ይጨምራልና እርጉዝ ላልሆነች ሴት መስመሩ ወደ 13 ገደማ ይሳባል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን 12.3፣ ከጎኑ ኤችቢኤዋንሲ 6.1 የወጣላት ሴት ሁለት የማይያያዙ ነገሮች አልነበሩባትም ይሆናል፤ የብረት እጥረቱ ሁለተኛውን ቁጥር ገፍቶት ሊሆን ይችላል። የሴሉ መጠን፣ ኤምሲቪ የሚለው መስመር፣ አነስ ብሎ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በባዶ ሆድ ስኳር ወይም ግሉኮስ ጠጥቶ በሚደረገው የሁለት ሰዓት ምርመራ ማረጋገጥ።

የሁለት ሰዓቱ ምርመራ ፓኬጅ ውስጥ አይገባም፤ ሰው ወንበር ይዞ ሁለት ሰዓት ስለሚቆይ ለቤቱ አይመችም። ከስድስቱ ጥያቄ በእርግዝናው «አዎ» ያለች ሴት ግን ይህን ነው መጠየቅ ያለባት። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ምርመራ ያስፈልጋታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሦስት ቀን እንደ ወትሮው እንጀራውን ሳይቀንሱ መብላት፤ ሌሊቱን ከ8 እስከ 14 ሰዓት መጾም፤ ጠዋት የመጀመሪያው ደም ይቀዳል፤ 75 ግራም ግሉኮስ ከ250 እስከ 300 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከተጀመረበት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከቆዩ በኋላ ሁለተኛው ደም። 200ና በላይ ስኳር፣ ከ140 እስከ 199 መሀል ቤት። የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ግሉኮስ ዱቄቱ አልቆ በለስላሳ ወይም በሻይ ሲተካ፤ ሴትዮዋ «እስከዚያ ጉዳይ ልጨርስ» ብላ ስትወጣና ስትራመድ (ጡንቻ ስኳሩን ይበላዋል)፤ ወይም አስመልሷት ሰዓቱ ሲቀጥል። ያስመለሳት ሌላ ቀን እንደገና ትጀምራለች። ፍልሰታና ሁዳዴ ላይ አንድ ነገር፦ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሴት «ያው ጾሜን ነኝ» ብላ ከሰዓት ብትሄድ ከ14 ሰዓቱ ታልፋለች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መገኘት ነው። ግሉኮሱ ጾም ይሽራል አይሽርም የሚለው ለንስሐ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ነው፣ እኛ አንገባበትም።

የደም ግፊት። ከፓኬጁ ሁሉ ርካሹ፣ ለልብ ደግሞ ዋናው። በዝርዝሩ ላይ «ነጻ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለካኩም አንዳንድ ጊዜ የነጻ ነው። እንዲህ ይመስላል፦ ሊፍቱ መብራት የለውም፣ ሴትዮዋ ሦስተኛ ፎቅ በእግሯ ወጥታ ገና እያለከለከች ትቀመጣለች። ሽንቷን ለምርመራው ብላ ይዛለች። ሲስተር «ማዘር፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ፤ ብርዱ እንዴት ነው ዛሬ?» እያለች ጨርቁን በሹራቡ ላይ ታስራለች፤ ማዘርም ስለ ብርዱ እየመለሱ መለኪያው ይነፋል። 152/94። አንድ ጊዜ ተለካ፣ ተጻፈ፣ አለቀ። ይህ ቁጥር የእውነት ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ደረጃው፣ ሽንቱ፣ ወሬውና ሹራቡ የሠሩትም ሊሆን ይችላል። ማንም አያውቅም።

ትክክለኛው አለካክ ረጅም አይደለም። ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡና የለም። ሽንት ቤት ሄዶ መምጣት። ጀርባ ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ዝም ማለት። ባዶ ክንድ ጠረጴዛ ላይ አርፎ በልብ ትክክል፤ ጨርቁ የሚታሰረው ከክርኑ መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። ሲለካ ማውራት የለም። ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሁለቱም ክንድ ተለክቶ ከፍ ያለው ክንድ ይያዛል። የጨርቁ ስፋት ሌላ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ ነው። ክንዷ 35 የሆነች ሴት በዚያው ከተለካች ግፊቷ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይወጣል። «ትልቁ ጨርቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በክሊኒክ 140/90ና በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል። ቤት ውስጥ መለካት ከተቻለ ይሻላል፦ ለ7 ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፤ የመጀመሪያው ቀን ተጥሎ የቀረው አማካይ 135/85ና በላይ ከሆነ ግፊት ነው። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎችና የሕክምና ዕቃ መደብሮች መለኪያ የሚገዛ ሰው የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይውሰድ፤ የእጅ አንጓው ለመያዝ ያምራል፣ እጅ ትንሽ ከፍና ዝቅ ሲል ግን ቁጥሩ አብሮ ይዋልላል።

ወገብ የሚለካ ፓኬጅ ብርቅ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መሀል፣ በባዶ ቆዳ ላይ፣ ትንፋሽ በዝግታ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ሳይሳብ። ከሰሃራ በታች ላሉ ሴቶች ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን የሚጠቀምበት መስመር 80 ሳንቲሜትር ነው። ቀሚስ የሚታሰርበት ቦታ ላይ መለካት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ኮሌስትሮሉ ላይ አራቱም መስመር (ጠቅላላው፣ ኤችዲኤል፣ ኤልዲኤልና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ) መኖሩን ማየት ነው፤ ጠቅላላውን ብቻ የሚሠራ ቤት ገንዘብ አባክኗል። ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ለሴት ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው፤ ለወንድ 40 ነው። ወረቀቱ ለሁለቱም 40ን ካተመ 44 የወጣላት ሴት «ደህና» ተብላ ታልፋለች። መጥፎው፣ ኤልዲኤል፣ ብዙ ጊዜ አይለካም፣ ይሰላል፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ስሌቱ ዋጋ የለውም። «እስከ 130 ደህና» የሚለው የታተመ መስመርም ስኳር ላለባት ሴት አይሠራም፤ ለእሷ ከ100 በታች፣ ግፊት ወይም ሌላ አደጋ ከተጨመረ ከ70 በታች ነው የሚፈለገው። ዕድሜዋ ከ40 እስከ 75 ሆኖ ስኳር ያለባት ሴት ኮሌስትሮሏ ምንም ይሁን ምን ኮሌስትሮል ስለሚያወርደው መድኃኒት፣ ስለ ስታቲን፣ ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባት።

ኩላሊት። ፓኬጁ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ይሠራና «0.6 እስከ 1.2» የሚል መስመር ያትማል። ጡንቻዋ አነስተኛ ለሆነ ሴት ይህ መስመር ሰፊ ነው። የ60 ዓመት ሴት 1.1 ቢወጣላት ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይደረግም፤ በቀመር ሲሰላ ግን የኩላሊቷ የማጣራት አቅም 57 አካባቢ ነው፣ ከ60 በታች። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ስሌቱን፣ ኢጂኤፍአር የሚባለውን፣ ይጠይቁ። የሽንቱ ስትሪፕም ቀድሞ የሚፈሰውን ጥቂት ፕሮቲን አያይም። ስኳር ወይም ግፊት ላለባት የሚያስፈልገው በሽንት ውስጥ የአልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት) እና የክሬያቲኒን ንጽጽር ነው፤ 30 ሚሊግራም በግራምና በላይ ከሆነ የኩላሊት ብቻ ሳይሆን የልብ ማስጠንቀቂያም ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። በወር አበባ ላይ፣ ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እያለ አይሰጥም። ከ3 ጊዜ 2ቱ ከፍ ካለ ነው የሚታመነው።

ኢሲጂ የፓኬጁ ጌጥ ነው። ያለፈ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ጠባሳን፣ የተዛባ ምትን፣ በግፊት የወፈረ ልብን ያሳያል። ተኝተው ሲነሱት ንጹሕ ወጣ ማለት ግን የልብ ደም ሥር አልጠበበም ማለት አይደለም። «ኢሲጂዬ ደህና ነው» ብሎ የትንፋሽ ማጠርን ችላ ማለት ከፓኬጁ የሚመጣ እውነተኛ ጉዳት ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሌላ ጉዳይ ነው፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚመጣ የልብ በር በሽታ በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ ስላለ፣ ትንፋሽ ለሚያጥራት ይታዘዛል፤ ምንም ለማይሰማት ግን ገንዘቧን ለኤችቢኤዋንሲና ለሽንት አልቡሚን ብታውል ይሻላታል። የደም ዓይነት፣ ዩሪክ አሲድ፣ የሰገራ ምርመራ፣ ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጨምሩም።

የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራው ግን አንድ ቃል ያስፈልገዋል። ስኳር ያለባት ሴት ደረጃ ስትወጣ ወይም ከባድ ዕቃ ስትሸከም የልቧ አፍ አካባቢ የሚያቃጥላት፣ ስታርፍ የሚለቃት ከሆነ፣ ባክቴሪያው «ፖዘቲቭ» መውጣቱ ልቧን ነጻ አያወጣም። ከተማችን ውስጥ ባክቴሪያው ያለበት ሰው ብዙ ነውና ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በሴቶች ላይም የደረት ሕመም ዋናው ምልክት ነው፤ ነገር ግን ከወንዶች በበለጠ መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልታወቀ ድካም አብሮ ይመጣል። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝም ሕመሙ ቀለል ብሎ ሊሰማ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በድንገት ከመጣና ቀዝቃዛ ላብ ካለ ቦታው ቼክአፕ ቤት አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እዚያ ኢሲጂው በደረሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት።

ታዲያ ምን ይታዘዝ? ፓኬጁን ትቶ ለየብቻ ማዘዝ ይቻላል፣ ብዙ ቤት አይከለክልም። የባዶ ሆድ ስኳር በግራጫ ቱቦ፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ አራቱ የኮሌስትሮል መስመሮች፣ ክሬያቲኒን ከነስሌቱ፤ ስኳር ወይም ግፊት ካለ የሽንት አልቡሚን፤ የእርግዝና ታሪክ ካለ የሁለት ሰዓቱ ምርመራ። ግፊትና ክብደት ጤና ጣቢያም ይለካል። ዕድሜዋ ከ40 በላይ የሆነች ሴት ሐኪሙን በዓለም ጤና ድርጅት የ2019 (እ.ኤ.አ.) ሠንጠረዥ የ10 ዓመት አደጋዋን እንዲያሰላላት ትጠይቅ፤ ለምሥራቅ አፍሪካ የተዘጋጀ አለ፣ ኮሌስትሮል ሳይኖር በክብደትና ቁመት የሚሠራ ዓይነትም አለው። ሠንጠረዡ ስለ እርግዝና ታሪክ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ፕሪኤክላምፕሲያ ወይም የእርግዝና ስኳር ለነበረባት የሚወጣውን ቁጥር እንደ ዝቅተኛ ግምት መውሰድ ነው።

መድኃኒት ከተጻፈም እርግዝና እንደገና ይነሳል። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ለእርጉዝ አይሰጥም፤ ስታቲንም እርግዝና ሲታሰብ በአብዛኛው ይቆማል። ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያዋ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ከሆነ መቀየር አለበት። «ልጅ ታስቢያለሽ?» ሳይባል የተጻፈ ማዘዣ ይዞ ከመውጣት ራስ ቀድሞ መናገር ይሻላል።

ከመክፈልዎ በፊት እንግዳ መቀበያው ላይ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ውጤቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሐኪም በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ውጤቱ በቴሌግራም ይላካል? በቴሌግራም ከሆነ ቀይ ምልክት የተደረገበትን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የኤችዲኤሉ 44ም፣ የክሬያቲኒኑ 1.1ም፣ የሄሞግሎቢኑ 12.3ም ያለ ምልክት ነው የሚመጡት። ስኳር የሚል ውጤት ከወጣና ምንም ምልክት የማይሰማዎት ከሆነ ደግሞ በሌላ ቀን ተደግሞ ወይም በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳይረጋገጥ መድኃኒት አይጀመርም፤ ድጋሚው እዚያው ቤት ከሆነ ቅናሽ ይጠይቁ፣ የሚያደርጉ አሉ።